ጥቁሩ ዱቄትና ስሙ ያልተጠራው መርዝ



የዛሬው ርእሴ የሚበላ ከሰል ነው። ቡና የምናፈላበትን፣ ዕጣን የምናጨስበትን የምድጃ ከሰል ማለቴ አይደለም። «አክቲቬትድ ቻርኮል» በሚል ስም በአይስክሬም፣ በሎሚ ጭማቂ፣ በበርገር ዳቦ፣ በእንክብልና በጥርስ ሳሙና ውስጥ እየገባ፣ «ሰውነትን ከመርዝ ያጸዳል» ተብሎ የሚሸጠውን ጥቁር ዱቄት ማለቴ ነው። ፋሽኑ ባለፉት አሥር ዓመታት ገደማ ከአሜሪካ ከተሞች የጭማቂና የአይስክሬም ቤቶች ተነሥቶ ብዙ አገር አዳርሷል። ጥቁር አይስክሬም ፎቶ ላይ ያምራል፤ ስልክ የያዘ ሁሉ ደግሞ ዛሬ ፎቶ አንሺ ነው። የጥርስ ሳሙናው የእኛም ሱቆች መደርደሪያ ላይ ይታያል፤ እንክብሉን በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ያለ ሐኪም ማዘዣ እንደ ልብ ያገኙታል።

ሙግቴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ከሰሉ ባዶ ነው አልልም። እንዲያውም በሕክምና ታሪክ ውስጥ የእሱን ያህል ርካሽ፣ የእሱን ያህል ቀላል ሆኖ እውነተኛ ኃይል ያለው ነገር ጥቂት ነው። ግን ያ ኃይል የሚሠራው ሦስት ጥያቄዎች ሲመለሱ ነው፦ የትኛው መርዝ? ስንት ግራም ከሰል? መርዙ ከተዋጠ ምን ያህል ጊዜ ሆነው? ለሦስቱም መልስ ያለው ከሰል መድኃኒት ነው፤ መልስ የሌለው ከሰል ቀለም ነው። የምግብ ገበያው ሦስቱን ጥያቄዎች ጥሎ የመድኃኒቱን ዝና ብቻ ይዞ ወጣ። ይህን በማስረጃ ለማሳየት እሞክራለሁ፤ ከተቃራኒው ወገን የሚነሡትን መከራከሪያዎችም፣ በተለይ ጠንካሮቹን፣ አልሸሽም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከአሠራሩ እንጀምር። የኮኮናት ቅርፊት ወይም እንጨት አየር በሌለበት ምድጃ ውስጥ ይከስላል። እስከዚህ ድረስ ከእኛ ከሰል አክሳዮች ሥራ ብዙም አይለይም። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የከሰለው ነገር ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት የውሃ እንፋሎት ይለቀቅበታል፣ አለበለዚያም በኬሚካል ይታከማል። እንፋሎቱ ከሰሉን ከውስጥ እየበላ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎችን ይቦረቡርበታል። ቀዳዳ በቀዳዳ ላይ ሲከፈት የውስጡ ገጽ ይሰፋል፤ ለሕክምና የሚውለው ዓይነት በአንድ ግራም ወደ 1000 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ገጽ አለው። በዚህ ስሌት አንድ ሐኪም ለአዋቂ ታማሚ የሚያዘው 50 ግራም ዱቄት የ5 ሄክታር ስፋት በአንድ ብርጭቆ ውስጥ አጥፎ ያስቀምጣል ማለት ነው። የመርዙ ቅንጣቶች በዚህ ሰፊ ገጽ ላይ ይለጠፋሉ። ከሰሉ ራሱ በአንጀት ግድግዳ አልፎ ወደ ደም አይገባም፤ የያዘውን ይዞ እንደ ገባ ይወጣል።

ይህ ጠባዩ የታወቀው ቀስ በቀስ ነው። በ1785 ሩሲያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ቶቢያስ ሎዊትዝ ከሰል የተበላሸ ቀለም ያለውን ፈሳሽ እንደሚያጠራ አየ፤ ከዚያ በኋላ የስኳር ፋብሪካዎች ቡናማውን ስኳር ነጭ ለማድረግ ተጠቀሙበት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመርዝ ጋዝ ጭምብል ውስጥ ገባ። በሕክምና መጻሕፍት ተደጋግሞ የሚነገረው ታሪክ ግን የፈረንሳዩ ፋርማሲስት የፒየር ቱዌሪ ነው። በ1831 በሥራ ባልደረቦቹ ፊት፣ ሰው ከሚገድለው መጠን አሥር እጥፍ የሚሆን ስትሪክኒን ከ15 ግራም ከሰል ጋር ደባልቆ ዋጠና ሳይሞት ቀረ ይባላል። ይህን ታሪክ የከሰል ነጋዴዎችም ይወዱታል፤ በየማስታወቂያው ይገኛል። ታሪኩን ልብ ብሎ ላነበበ ግን ምስክርነቱ ለእነሱ አይደለም። ቱዌሪ መርዙን በስሙ ያውቀዋል። የከሰሉን ግራም መዝኗል። ሁለቱን የዋጠው በአንድ ጊዜ፣ ደባልቆ ነው። ሦስቱም ጥያቄዎች መርዙ ሆዱ ከመግባቱ በፊት ተመልሰዋል።

ሆስፒታል ውስጥም ሥርዓቱ ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሰሉን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ለአዋቂ ከ50 እስከ 100 ግራም፣ ለሕፃን በኪሎ አንድ ግራም ገደማ በውሃ ተበጥብጦ ይሰጣል። የሚያጣድፈው ጊዜው ነው። የአሜሪካና የአውሮፓ የመርዝ ሕክምና ማኅበራት በ2005 ባወጡት የጋራ ሰነድ የተሰበሰቡ የበጎ ፈቃደኞች ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ከሰሉ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሲዋጥ ወደ ደም ሊገባ ከነበረው መድኃኒት በአማካይ ግማሽ ገደማውን ያስቀራል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ20 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ ማኅበራቱ ከሰሉን ለተመረዘ ሁሉ እንደ ልማድ አትስጡ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለደረሰና የዋጠው መርዝ በከሰል የሚያዝ ለሆነ ሰው ስጡ ብለው መከሩ። ይህን የሚሉት ከሰሉን የሚንቁ ሰዎች አይደሉም፤ ዕድሜ ልካቸውን በእሱ ሲያክሙ የኖሩ ናቸው።

የማይዛቸው ነገሮች ዝርዝር ደግሞ የእኛን አገር ሰው በቀጥታ ይመለከተዋል። ከሰል አልኮልን አይዝም፤ በመሆኑም በስካር ማግስት የሚዋጥ የከሰል እንክብል ራስ ምታት አያስታግስም፣ በሜታኖል የተበከለ አረቄ የጠጣንም ሰው አያተርፍም። በየቤቱ የሚገኘውን በረኪና አይዝም፤ በረኪና ጉሮሮንና ጨጓራን ያቃጥላል እንጂ ከሰል ላይ ተለጥፎ የሚቀር ነገር አይደለም፣ ጥቁሩ ዱቄት ደግሞ ሐኪሙ በመሣሪያ ቁስሉን እንዳያይ ይጋርደዋል። ለነጭ ጋዝም አይረዳም፤ ጋዝ የጠጣ ሕፃን ካስመለሰ ጋዙ ሳንባው ይገባል፣ ከሰሉ ደግሞ ማስመለስን ያመጣል። ለነፍሰ ጡሮች የሚታደለውን የብረት ክኒን ሕፃን አንሥቶ ቢውጠው ከሰሉ ለብረቱም ዋጋ የለውም። ሊትየም፣ ፖታሲየም፣ እርሳስ፤ እነዚህ ሁሉ ያመልጡታል። «ከባድ ብረቶችን ከሰውነት ያወጣል» የሚለው ማስታወቂያ እንግዲህ ከሰሉ በጣም ደካማ የሆነበትን ቦታ መርጦ ነው ጉልበት የሚሰጠው።

ከሰሉ መርዙን ሊይዝ በሚችልበት ቦታ እንኳ ውጤቱ ዋስትና የለውም። በስሪላንካ ገጠር ፀረ ተባይ ጠጥተው ወይም መርዛማ የዛፍ ፍሬ በልተው ሆስፒታል የገቡ ከ4600 የሚበልጡ ሰዎች በዕጣ ተከፋፍለው ሦስት ዓይነት አያያዝ ተደረገላቸው፤ ለአንደኛው ቡድን ከሰል አልተሰጠም፣ ለሁለተኛው አንድ ጊዜ፣ ለሦስተኛው በተደጋጋሚ ተሰጠ። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በ2008 የወጣው ውጤት በቅደም ተከተል 6.8፣ 7.1 እና 6.3 በመቶ ሟች ነበር፤ በስታቲስቲክስ ሚዛን ልዩነት የለውም። ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ሆስፒታል የደረሱት ሰዓታት ካለፉ በኋላ ነው፤ አንዳንዱ መርዝም ለከሰል ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ይህ ጥናት ከሰሉን ከሆስፒታል አላስወጣውም፤ ወሰኑን ግን አሳየ። መርዙ የታወቀበት፣ ዱቄቱ በአሥሮች በሚቆጠር ግራም የተሰጠበት፣ ባለሙያ አጠገብ የቆመበት ቦታ ላይ ልዩነት ማሳየት እንዲህ ከከበደ፣ በጭማቂ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ቁንጥር ምን ሊያደርግ ነው?

ቁንጥር ያልኩት ለማጣጣል አይደለም፤ ቁጥሩን እንየው። በገበያ ያለ የከሰል እንክብል አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም ይይዛል። 250 ሚሊግራሙን ብንወስድ፣ የሆስፒታሉን ትንሹን የ50 ግራም መጠን ለማግኘት 200 እንክብል መዋጥ ያስፈልጋል። የመርዝ ሐኪሞች የሚሠሩበት ልምድ ደግሞ ለእያንዳንዱ ግራም መርዝ አሥር ግራም ከሰል የሚል ነው። አይስክሬሙና ጭማቂው ውስጥ የሚገባው ዱቄት ከጥቂት ግራም የሚዘል አይደለም፤ ያውም ወተቱ፣ ስኳሩ፣ ፍራፍሬው ውስጥ ገብቶ። የከሰሉ ቀዳዳዎች ደግሞ መርዝና ቪታሚን የሚለይ ዓይን የላቸውም። በአፕል ጭማቂ ላይ በተደረገ ጥናት ከሰሉ በውሃ የሚሟሙ ቪታሚኖችን መጠን ቀንሷል። ስለዚህ «መርዝ የሚያጸዳው» የሎሚ ጭማቂ ገና ብርጭቆው ውስጥ ሳለ ገዢው የከፈለበትን ነገር ራሱን መያዝ ይጀምራል። የተረፈውን ባዶ ቀዳዳ ይዞ አንጀት ሲደርስ የሚያገኘው ቁርስ ነው።

ከዚህ ነው ለከሰል ሻጮች አጣብቂኙ የሚመጣው። በምግቡ ውስጥ ያለው ከሰል ነገሮችን አጥብቆ ለመያዝ የሚበቃ ነው ካሉ፣ ከምግቡ ጋር የተዋጠውን መድኃኒትና ቪታሚንም ይይዛልና «ጉዳት የለውም» ማለት አይችሉም። ጉዳት እንዳይኖረው ተደርጎ በጣም ጥቂት ነው ካሉ ደግሞ «መርዝ ያጸዳል» የሚለው ቃል ይወድቃል። ሁለቱን በአንድ ማሸጊያ ላይ መጻፍ አይቻልም፤ በየቀኑ ግን ይጻፋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ፣ ወደ መርዙ ስም እንመለስ። ሆድን ማጽዳት ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ጥሬ ሥጋ የሚበላ አገር ኮሶ ይዞታል፤ አባቶቻችንና እናቶቻችንም የኮሶን አበባ ቀምመው፣ በየሁለት ወሩ ገደማ እየጠጡ ሲያጸዱ ኖረዋል። መራር ነው፣ ያዳክማል፣ መጠኑ ካለፈም ይጎዳል፤ ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። ነገር ግን የኮሶ ጠጪ ጠላቱን ያውቀዋል፤ ቁራጩን በሰገራው ላይ አይቶታል፣ መድኃኒቱ ሲሠራም ተጥሎ ያየዋል፣ ተመልሶ ሲመጣም ያውቃል። በዘመናዊው «ማጽዳት» ውስጥ የጎደለው ይኸ ነው። የከሰል ጭማቂ ሻጩን «የምታወጣልኝ መርዝ ማን ይባላል? ዛሬ ደሜ ውስጥ ስንት አለ? ነገ ስንት ይቀራል?» ብላችሁ ብትጠይቁት የሚነግራችሁ ስም የለውም። ስም የሌለው መርዝ አይለካም፤ የማይለካ መርዝ ወጣም አልወጣም ማለት አይቻልም፤ ስለዚህ ምርቱ ሐሰተኛ መሆኑ በምንም ፈተና አይረጋገጥበትም። ለነጋዴ ከዚህ የተሻለ ጠላት ከየት ይገኛል?

እውነተኞቹ መርዞች ደግሞ፣ ማለትም ሰውነት ራሱ የሚያመነጫቸው ቆሻሻዎችና ከውጭ የሚገቡ ኬሚካሎች፣ የየራሳቸው መንገድ አላቸው። አሞኒያን ጉበት ወደ ዩሪያ ይለውጠዋል፣ ዩሪያውን ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል፤ አልኮልን ጉበት ይሰባብረዋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሳንባ ይተነፍሰዋል። ይህ ሥራ የሚከናወነው ደም በሚያዳርሳቸው አካላት ውስጥ ነው። ከሰሉ ያለው አንጀት ውስጥ ነው፤ በመካከላቸው ግድግዳ አለ።

እዚህ ላይ ፊዚዮሎጂ የተማረ ተቃዋሚ እጁን ያወጣል፤ ማውጣትም አለበት። «ግድግዳው እኮ ወንፊት ነው» ይላል። «አንዳንድ መድኃኒት ከደም ወደ አንጀት ተመልሶ ይገባል፤ ከሰሉ እዚያ ጠብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ደምን ማጽዳት ይችላል።» ልክ ነው፤ ከቀረቡት መከራከሪያዎች ሁሉ ጠንካራውም ይህ ነው። በ1982 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ ጥናት ፊኖባርቢታል የተባለውን መድኃኒት ለጤነኛ ሰዎች በደም ሥር ሰጥቶ፣ ከዚያ በአፍ በተደጋጋሚ ከሰል አስዋጣቸው። መድኃኒቱ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ይወስድበት የነበረው 110 ሰዓት ወደ 45 ሰዓት ወረደ። ከሰሉ በእርግጥ ከደም ጎትቷል። ዛሬም ፊኖባርቢታል፣ ካርባማዜፒን፣ ኪኒን፣ ዳፕሶንና ቲዮፊሊን ከመጠን በላይ ለወሰደ ሰው ከሰል ደጋግሞ መስጠት የታወቀ ሕክምና ነው።

ግን ይህ ማስረጃ ለማን እንደሚመሰክር እናስተውል። አንደኛ፣ መጠኑ በአሥሮች የሚቆጠር ግራም ነው፣ በየጥቂት ሰዓቱ የሚደገም። ሁለተኛ፣ የሚያዙት ነገሮች በስም ተቆጥረው የሚያልቁ ናቸው፤ ብዙው መድኃኒት ከዝርዝሩ ውጭ ነው። ሦስተኛው ይበልጥ ያሳስባል። በዝርዝሩ ያሉት «መርዞች» ምንድን ናቸው? መድኃኒቶች ናቸው። ፊኖባርቢታል በአገራችን የሚጥል በሽታ ያለባቸው ብዙ ሰዎች በየቀኑ የሚውጡት ክኒን ነው። ሕመሙ ጋብ ያለለት ወጣት «ደሜን ላጽዳ» ብሎ ከሰል አዘውትሮ ቢወስድ፣ ከሰሉ ሊጎትትለት እንደሚችል በጥናት የተረጋገጠው ነገር ከመውደቅ የሚጠብቀው መድኃኒት ነው። ለተቃዋሚዬ ድል የሆነው ጥናት ለዚህ ወጣት ማስጠንቀቂያ ነው።

ኮሌስትሮልንም የሚያነሡ አሉ። በ1986 ላንሴት ላይ የወጣ ትንሽ ጥናት ሰባት ታማሚዎች በቀን ሦስት ጊዜ 8 ግራም ከሰል ለአራት ሳምንት ወስደው ጎጂው ኮሌስትሮል በ41 በመቶ እንደቀነሰላቸው ዘግቧል። ከሰሉ በአንጀት ውስጥ ሐሞትን ስለሚይዝ ነገሩ ትርጉም ይሰጣል። በቀን 24 ግራም ግን በእንክብል ሲቆጠር መቶ ያህል ነው፣ ሰባት ሰውም ሰባት ሰው ነው። የኩላሊት ሕመምተኞች ጉዳይ ይበልጥ ያስተምራል። በጃፓን ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ልዩ የከሰል መድኃኒት ለብዙ ዓመታት ሲታዘዝ ቆይቷል፤ ሐሳቡ ኩላሊት ያቃተውን ቆሻሻ ገና አንጀት ውስጥ ሳለ ከሰሉ ይያዘው የሚል ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው። በ2015 ውጤታቸው የታተመ፣ ከ2000 በላይ ታማሚዎችን በ13 አገሮች ያሳተፉ ሁለት ጥናቶች ግን፣ መድኃኒቱን የወሰዱት ሰዎች ሕመም ባዶውን ማስመሰያ ከወሰዱት ይልቅ ቀስ ብሎ አልሄደም አሉ። እንግዲህ ኩላሊታቸው በእርግጥ የደከመ፣ ደማቸው ውስጥ ቆሻሻው በእርግጥ የተከማቸ፣ ስሙም የታወቀ ሰዎች ለዚሁ የተዘጋጀ ከሰል ወስደው ጥቅሙ ካልታየ፣ ሁለት ጤነኛ ኩላሊት ያለው ሰው ከአይስክሬም ምን ይጠብቃል?

ሌላው መከራከሪያ ከአውሮፓ ይመጣል። «አውሮፓ ፈቅዶታል» ይባላል። አዎ፣ ከዕፅዋት የተሠራ ከሰል በአውሮፓ ኅብረት ኢ153 በሚል ቁጥር የተመዘገበ የምግብ ቀለም ነው። ቀለም ሆኖ የተፈቀደ ነገር መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ ማለት አይደለም፤ ጣልያንም ኢ153 የገባበትን ነገር «ዳቦ» ብሎ መሸጥ አይቻልም ብላለች፣ ምክንያቱም በሕጉ ዳቦ ቀለም አይገባበትም። ይሁንና የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን አንድ የጤና ጥቅም በእርግጥ ተቀብሏል፤ ይህን መደበቅ ክርክርን ማጭበርበር ይሆናል። ከምግብ ቢያንስ 30 ደቂቃ በፊት አንድ ግራም፣ ከምግብ በኋላ ወዲያው አንድ ግራም ከተወሰደ ከሰል ከልክ ያለፈ የሆድ ጋዝን ይቀንሳል ተብሎ እንዲጻፍ በአውሮፓ ኅብረት ተፈቅዷል። በዚህም ላይ ጥናቶቹ አልተስማሙም፤ የሚደግፉት አሉ፣ ምንም ለውጥ አላየንም ያሉም አሉ። ለእኔ ግን ከውጤቱ ይልቅ የፈቃዱ አጻጻፍ ነው የሚናገረው። ችግሩ ተሰይሟል፣ ግራሙ ተቆጥሯል፣ ደቂቃው ተወስኗል። ሆዱ የሚነፋ ሰው በዚህ መሠረት ቢሞክረው አልሟገተውም። እዚያው አውሮፓ «ሰውነትን ያጸዳል» ለሚለው ቃል የተሰጠ ፈቃድ ግን የለም።

«የውሃ ማጣሪያ ውስጥስ አለ አይደል?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ በየመድረኩ አይቀርም። አለ፤ ክሎሪንንና መጥፎ ሽታን ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ነገር ግን ማጣሪያውን የሚሠራ መሐንዲስ ምን እንደሚያጣራ ሳያውቅ ከሰል አይመርጥም። ለዚህ ከራሳችን ስምጥ ሸለቆ የተሻለ ምስክር የለም። እዚያ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ ሲብስም አጥንት ያጎብጣል። ተራው የኮኮናት ከሰል ፍሎራይድን በመያዝ ደካማ ስለሆነ፣ በአካባቢው ለማጣሪያነት የተሞከረው የከብት አጥንት ከሰል ነው፤ ሥራውን የሚሠራው በአጥንቱ ውስጥ ያለው የካልሲየምና የፎስፌት ውህድ ነው። ከሰል ሁሉ አንድ አይደለም፣ መርዝ ሁሉም አንድ አይደለም። የማጣሪያው ከሰል ደግሞ ቀዳዳው ሲሞላ ተጥሎ በአዲስ ይተካል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው መለሳለስ ነው፦ «እሺ ባይጠቅምም አይጎዳም፤ ሰዎችን ተዉአቸው።» አንድ ጥቁር አይስክሬም አንድን ጤነኛ ሰው አይጎዳም፤ ይህን በግልጽ እናገራለሁ፣ ማጋነን ለሙግቴ አይጠቅምም። ጉዳቱ ያለው ልማድ ያደረገው ሰው ላይ ነው፣ በተለይም በየቀኑ ክኒን የሚውጥ ሰው ላይ። ከሰሉ ከመድኃኒቱ ጋር በአንድ ሰዓት ገደማ ሆድ ውስጥ ከተገናኘ መድኃኒቱን ይይዛል፤ ይህ ከሆስፒታሉ አሠራር የሚለየው ሐኪም ስላላዘዘው ብቻ ነው። የልብ መድኃኒት፣ የሚጥል በሽታ ክኒን፣ የእርግዝና መከላከያ፤ ሁሉም በየሰዓታቸው የሚዋጡት በደም ውስጥ ያለው መጠን እንዳይወርድ ነው። ፋርማሲስቶች በከሰሉና በሌላው መድኃኒት መካከል የሰዓታት ልዩነት ይኑር የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። የጭማቂ ቤቱ ምናሌ ላይ ግን «መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ» የሚል መስመር ብዙ ጊዜ አይታይም። ከሰሉን አዘውትሮ የሚወስድ ሰው የሆድ ድርቀትም ሊያገኘው ይችላል።

ሌላም ጉዳት አለ፣ ብዙ ሰው የማያስበው። ከሰል የወሰደ ሰው ሰገራው ይጠቁራል። የጠቆረ ሰገራ ደግሞ ጨጓራ ወይም የላይኛው አንጀት እየደማ ለመሆኑ የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ይችላል። ጨጓራ ሕመም የበዛበት፣ ለወገቡም ለጉልበቱም ዳይክሎፌናክ እየገዛ የሚውጥ ሕዝብ ነን፤ ይህ መድኃኒት ጨጓራን እንደሚያቆስልና እንደሚያደማ የታወቀ ነው። ጥቁር ሰገራ አይቶ ሐኪም ቤት መሮጥ የሚገባው ሰው «ከሰሉ ነው» ብሎ ከተቀመጠ፣ ካልተሰየመ መርዝ ሲሸሽ የተሰየመ በሽታ ያገኘዋል።

የጥርስ ሳሙናውን በአጭሩ ልለፈው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት በ2017 ባወጣው የምርምር ዳሰሳ በከሰል የተሠሩ የጥርስ ማጽጃዎች ደኅንነታቸውም ሆነ ጥቅማቸው በበቂ ማስረጃ አልተደገፈም ብሏል። ከሰል ሻካራ ስለሆነ በጥርስ ላይ ያለውን የሻይና የቡና እድፍ ሊፍቅ ይችላል፤ የፋቀው ግን የጥርሱን ሽፋንም ሊሆን ይችላል፣ ያ ሽፋን ደግሞ ተመልሶ አያድግም። አያቶቻችንም ከሰል ጥርሳቸው ላይ ያሹ ነበር ለሚል፣ እነሱ መፋቂያም ነበራቸው፣ ስኳር ደግሞ እንደኛ አልነበራቸውም እለዋለሁ።

ስለ ነፃነት የሚሟገቱም አሉ። በ2018 የኒውዮርክ ከተማ የጤና መሥሪያ ቤት ከሰል በምግብና በመጠጥ ውስጥ እንዳይሸጥ የሚለውን ደንብ በየምግብ ቤቱ ማስከበር ሲጀምር ብዙ ቅሬታ ተነሥቶ ነበር፤ ሞርገንስተርንስ የተባለው አይስክሬም ቤት በ«ኮኮናት አመድ» አይስክሬሙ ዝነኛ ሆኖ ሳለ ከሽያጭ ለማውጣት ተገደደ። መሥሪያ ቤቱ የተመረኮዘው የአሜሪካ ፌደራል የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከሰልን በምግብ ጭማሪነትም ሆነ በቀለምነት አለመፍቀዱን ነው። እገዳው ጠንከር ያለ ነው የሚሉትን እረዳቸዋለሁ፤ በአውሮፓ ኢ153 ተብሎ የሚበላ ነገር ኒውዮርክ ላይ መታገዱ ወጥነት የለውም። በእኔ ፍርድ ከሰልን ለቀለም መጠቀም ነውር አይደለም። ሰው ዓይኑ የወደደውን ጥቁር አይስክሬም ይብላ። ሻጩ ግን ቀለም ሲሸጥ ቀለም ነው ይበል፤ በማሸጊያው ላይ መድኃኒት ሲያስመስለው የመድኃኒት ሻጭ የሚጠየቀውን ሁሉ ይጠየቅ፤ የሚያክመው ምን እንደሆነ፣ መጠኑን፣ ከምን ጋር እንደማይወሰድ ይጻፍ። ከመሬት የተገኘ፣ ተፈጥሯዊ ነው የሚለው መልስ ደግሞ እዚህ ጋ አይሠራም፤ ከ800 ዲግሪ በላይ በእንፋሎት የተጠበሰ የኮኮናት ቅርፊት ተፈጥሯዊ ከሆነ፣ ቱዌሪ የዋጠው ስትሪክኒንም ከዛፍ ፍሬ የሚገኝ ነውና ተፈጥሯዊ ነው።

የፋሽኑ የከፋ መዘዝ ሊሆን የሚችለው አንድ ቤት ውስጥ እውነተኛ መመረዝ በሚደርስበት ሰዓት ነው። ልጅ በረኪና ሲጠጣ፣ ጎረምሳ ተናድዶ የፀረ ተባይ ጠርሙስ ሲያነሣ፣ አያት የክኒን ሰዓት ተሳስተው ደርበው ሲውጡ፣ «ከሰል መርዝ ያወጣል» የሚለውን ከማስታወቂያ የተማረ ቤተሰብ መሳቢያ ውስጥ ያለውን እንክብል ሊፈልግ ይችላል፤ ስድስት አውጥቶ ያስውጥና «እንየው» ይላል። ስድስቱ እንክብል ሁለት ግራም እንኳ አይሞላም። በዚህ መካከል የሚያልፈው ግማሽ ሰዓት ሆስፒታሉ ሊጠቀምበት የሚችለው ጊዜ ነው። ራሱን የሳተ ወይም የደነዘዘ ሰው በግድ ከሰል ሲጠጣ ደግሞ ዱቄቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ባለሙያዎች የአየር ቧንቧው ያልተጠበቀን ሰው ከሰል የማያጠጡት ይህን ፈርተው ነው። በረኪና ወይም ነጭ ጋዝ የጠጣን ሰው በግድ ማስመለስም እንዲሁ ጉዳቱን ይደግመዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ከቤት መነሣት ያለበት ሰውዬው ነው፣ ከእጃችሁ የማይለየው ደግሞ የጠጣበት ጠርሙስ ወይም የክኒኑ ካርቶን። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ምን እንደጠጣ፣ ምን ያህል እንደጠጣና ከጠጣ ስንት ጊዜ እንደሆነው ነው፤ ከሰል ይሰጠው አይሰጠው የሚለውን የሚወስነው ይህን ከሰማ በኋላ ነው።